ጂማት ለምትፈተኑ፦ አስጠኚ ስለመፈለግ ጠይቁኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ለጂማት (ውጭ አገር ቢዝነስ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰደው ፈተና) ተፈታኞች ሒሳብ ማስጠናት ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አሁን አዲስ ተማሪ ስለማልቀበል የምነግራችሁ ገበያ ፍለጋ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ ያላችሁ ስለ አስጠኚ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ ቅዳሜና እሁዴን ሰጥቻችኋለሁ።

ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር። የፈተናው ባለቤት በራሱ ድረ ገጽ በነጻ የሚሰጣቸው ሁለት ሙሉ የሙከራ ፈተናዎች አሉ፤ አንዱን ሰዓት ይዛችሁ ሳትሰሩ አስጠኚ አትፈልጉ። የወር ክፍያም አስቀድማችሁ አትክፈሉ።

ከጀሞ፦ ጥሩ አስጠኚ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ለምን? ኳንት (ሒሳቡ) ነው የከበደህ፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባቡ) ነው፣ ሰዓት ነው ያጠረህ? የሙከራ ፈተናውን ሰርተህ ውጤትህን ይዘህ ተመለስ።

ከለገጣፎ፦ መምህር እንደምን አሉ? የአንድ ልጅ እናት ነኝ፣ ባንክ ውስጥ ነው የምሰራው። ከስራ ወጥቼ ቤት ስደርስ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የሙከራ ፈተናውን ሰርቼ 545 አመጣሁ፤ የጎዳኝ ዳታ ኢንሳይትስ፣ ያ መረጃና ሰንጠረዥ የሚመዘንበት ክፍል ነው። አንድ አስጠኚ አግኝቻለሁ፣ 700 አምጥቻለሁ ይላል። ጎበዝ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ 700 ያመጣው መቼ እንደሆነ ጠይቂው። የድሮው ጂማት ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። የአሁኑ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ውጤቱ ሁልጊዜ በ5 ነው የሚያልቀው፤ 695 አለ፣ 705 አለ፣ 700 የሚባል የለም። በአዲሱ ፈተና 700 አመጣሁ ካለሽ አልተፈተነም። በድሮው ካመጣው ነውር የለውም፣ ጥሩ ውጤት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ፈተናው መለወጡን ያውቃል ወይ? ሴንተንስ ኮሬክሽን (የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማረሙ) ቀርቷል፣ ጂኦሜትሪ ቀርቷል፣ የጽሑፉ ክፍል ቀርቷል። ዳታ ሳፊሸንሲ (የተሰጠው መረጃ ለመልሱ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ጥያቄ) ከኳንት ወጥቶ ዳታ ኢንሳይትስ ውስጥ ገብቷል። አሁን ሦስት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፤ ኳንት 21፣ ቨርባል 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ 20 ጥያቄ። ይህን ቃል በቃል ሳያይ የማይነግርሽ ሰው አሮጌ መጽሐፍ ይዞ የሶስት ማዕዘን ስፋት ሲያስተምርሽ ወሩ ያልቃል።

ቀጥሎ አንድ የሙከራ ሰዓት ጠይቂው፣ ሰዓቱን ግን ከፍለሽ። ስትሄጂ ራስሽ የተሳሳትሻቸውን ሦስት ጥያቄዎች ያዢ። ከዚያ እስክሪብቶው ማን እጅ ላይ እንደሆነ ተመልከቺ። ጥያቄውን እንዳየ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ «እንዲህ ነው የሚሰራው» ብሎ መጻፍ ከጀመረ ሒሳብ ይችላል እንጂ አስጠኚ ነው ለማለት አይበቃም። «እስቲ ያኔ ስትሰሪው ምን አስበሽ ነበር?» ብሎ ዝም ብሎ የሚያዳምጥሽን ነው የምትፈልጊው። መልሱንማ ከመጽሐፉ ጀርባ ታገኚዋለሽ። ገንዘብ የምትከፍዪው ስህተትሽ ከየት እንደመጣ አብሮሽ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ዳታ ኢንሳይትስ ስላልሽ አንድ መፈተኛ ልስጥሽ፣ እኔ ያወጣሁት ነው። አስጠኚው ፊት አስቀምጪለት።

የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ስንት ነው? አንደኛ መረጃ፦ 2 እስክሪብቶና 3 ደብተር 150 ብር ነው። ሁለተኛ መረጃ፦ 4 እስክሪብቶና 6 ደብተር 300 ብር ነው።

የቸኮለ ሰው ሁለት እኩልታ ሁለት ያልታወቀ ስላየ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ ይላል። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው እጥፍ ነው፤ አዲስ ነገር አልነገረሽም። ስለዚህ ሁለቱ ተደምረውም አይበቁም።

አሁን ገልብጪው። እስክሪብቶ 15 ብር፣ ደብተር 40 ብር ነው። አንድ ልጅ ከሁለቱም ገዝቶ 125 ብር ከፈለ፤ ስንት እስክሪብቶ ገዛ? አንድ እኩልታ ሁለት ያልታወቀ ነው፣ አይበቃም ያስብላል። ግን ግማሽ ደብተር አይሸጥም። 1 ደብተር ከገዛ 85 ብር ይቀረዋል፣ ለ15 አይካፈልም። 3 ከገዛ 5 ብር ይቀረዋል፣ እስክሪብቶ አይገዛም። 2 ደብተር ከገዛ ግን 45 ብር ይቀረዋል፤ 3 እስክሪብቶ። ሌላ መንገድ የለም፣ ስለዚህ ያቺ አንዷ መረጃ ብቻዋን ትበቃለች።

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን በደንብ ያስረዳሽ ሰው ዳታ ሳፊሸንሲ ያውቃል። የወር ግን አስቀድመሽ አትክፈዪ።

ከሰበታ፦ መምህር፣ እኔን ያስጠናኝ ልጅ «ሁለት እኩልታ ካየህ ዝም ብለህ ሲ በል» ነበር ያለኝ፤ ሲ «ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ» የሚለው ምርጫ ነው። ሁለት ወር እንደዚያ ሰርቻለሁ።

መልስ፦ አዝናለሁ ወንድሜ። ጥያቄውን የሚያወጡት ሰዎች ያንን ልማድ አውቀው ነው ወጥመዱን እዚያ ላይ የሚያስቀምጡት። በዚያ መንገድ የሰራሃቸውን ጥያቄዎች መልሰህ ስራቸው፣ አይባክኑም።

ከቡራዩ፦ ለጋት (እዚህ አገር ለድህረ ምረቃ መግቢያው ፈተና) አስጠኚ ያስፈልጋል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ መግባት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እኔ የጋት ሰው አይደለሁም። እዚህ ለመማር የሚያስፈልግህ ጋት ነው፣ ጂማት አይደለም፤ «ሁለቱ አንድ ናቸው» ብሎ የጂማት ዋጋ የሚያስከፍልህን አስጠኚ ተወው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጥሩ አስጠኚ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ አንብቤዋለሁ። ጥያቄዬ የቦታው ነው። ያገኘኋቸው ሁሉ ቦሌና 4 ኪሎ ናቸው። ለሁለት ሰዓት ጥናት ሦስት ሰዓት ታክሲ ውስጥ አሳልፋለሁ።

መልስ፦ ይቅርታ፣ ልክ ነህ፣ ቸኩያለሁ። እኛ ዳር ያለን ሰዎች አስጠኚውን እቤት ማስመጣት እንወዳለን፤ አስጠኚው ደግሞ የመንገዱን ሰዓት ሒሳቡ ውስጥ ይከታል፣ መብቱም ነው። ለኔ ተማሪዎች የሰራው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ጊዜ በአካል ተገናኙ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ በኢንተርኔት፣ በወር አንዴ ደግሞ እንደገና በአካል። ፈተናው ራሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ በስክሪን ማጥናት አይጎዳህም። የታክሲውን ሦስት ሰዓት ጥያቄ ስራበት። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ሰፈርህ ውስጥ ታውቀዋለህ፤ ቀጠሮህን ከዚያ አርቀው።

ከአያት፦ እኔ አባት ነኝ። ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቃ ውጭ ለመማር እየተዘጋጀች ነው። ቤት መጥቶ የሚያስጠናት ወጣት ተገኝቷል፤ እኔና እናቷ ቀን ቤት አንውልም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። እናንተ ቤት በምትሆኑበት ሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይሁን። በደንብ የሚሰራ አስጠኚ በዚህ አይቀየምም፤ እኔ ራሴ ሰው ቤት ሄጄ ሳስጠና ሌላ ቦታ አስጠንቼ አላውቅም። ያ ካልተመቸ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይገናኙ። ደግሞ ልጅዎን ይጠይቋት፤ አስጠኚውን የምትመርጠው እሷ ትሁን።

ከገላን፦ ያለፉ ዓመታት ትክክለኛ የጂማት ጥያቄዎች በፒዲኤፍ የሚሸጥልኝ አስጠኚ አለ። ይጠቅማል?

መልስ፦ አትግዛ። የፈተናው ባለቤት የድሮ ጥያቄዎቹን በራሱ መጽሐፍ አሳትሞ ይሸጣል፤ ከዚያ ውጭ «ከፈተና ክፍል የወጣ» የሚባለው ወይ ውሸት ነው ወይ ስርቆት። እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮርቶፕ የሚባል ድረ ገጽ ይህንኑ ሲሸጥ ተከስሶ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶበታል፤ ገጹን ከተጠቀሙት ተፈታኞችም ውጤታቸው የተሰረዘባቸው አሉ። ይህን የሚያቀርብልህ አስጠኚ የአንተን ዓመታት ነው የሚያስይዘው። የሙከራ ሰዓትም ቢሆን አትስጠው።

ከየካ አባዶ፦ አስጠኚዬ ሁሉንም በአማርኛ ነው የሚያስረዳኝ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አይጎዳኝም?

ከአያት 49፦ በጣም ይጎዳል። በአማርኛ የገባህ ነገር ፈተናው ላይ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ትደነግጣለህ።

ከሰበታ፦ አልስማማም። እኔ ክሪቲካል ሪዝኒንግ (ቨርባሉ ውስጥ የክርክርን አመክንዮ የሚመዝነው ጥያቄ) የገባኝ በአማርኛ ሲነገረኝ ነው። «ይህ ሰው ምን አስቦ ነው ከዚህ ወደዚያ የዘለለው?» ሲሉኝ በቃ ተገለጠልኝ።

ከአያት 49፦ አንድ ሁለት ጊዜ ይሁን። ችግሩ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማሩ እየተባልን መምህሩ በአማርኛ እያስረዳን ማለፋችን ነው። ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው።

ከቡራዩ፦ እኔ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ነው የተማርኩት፤ ለእኔ አማርኛውም ሦስተኛ መንገድ ነው። ቋንቋው አይደለም የሚለየው፣ መምህሩ ነው።

ከአያት 49፦ ቋንቋው ይለያል እንጂ፣ የመንግስት ትምህርት ቤትና የግል ትምህርት ቤት ልጅ አንድ አይነት ያነባል?

መልስ፦ ወገኖቼ፣ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ግን ጠያቂው መልስ አላገኘም። ሐሳቡ በሚገባህ ቋንቋ ይብራራልህ። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ይነበብ፣ ጮክ ብለህ፣ አስጠኚው ሳይተረጉምልህ። ተርጉሞ ካነበበልህ ከባዱን ስራ እሱ ሰራው ማለት ነው።

ከጀሞ፦ በሰዓት ስንት ይከፈላል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። እኔ አንድ ቁጥር ከተናገርኩ ነገ ደላላው መነሻ ያደርገዋል። የወር አስቀድመህ አትክፈል።

ከገላን፦ ለምንድን ነው ይህን የወር ክፍያ የሚደጋግሙት? ቅናሽ ያደርጉልኛል እኮ።

መልስ፦ ስለደረሰብኝ ነው። እኔ ስፈተን አንድ ማስጠኛ ቤት የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍዬ፣ ያውም ከወንድሜ ተበድሬ፣ አራት ጊዜ ተምሬ አምስተኛው ቀን ስሄድ በሩ ተቆልፎ ነበር። የግቢው ዘበኛ «ለቀዋል» አለኝ። ቆሜ የበሩን ቁልፍ ያየሁት አሁንም ትዝ ይለኛል። ሳምንት ተማር፣ የሳምንቱን ክፈል። ቅናሹ ይቅርብህ።

ከሰሚት፦ ጂማት ይሻላል ወይስ ጂአርኢ (ሌላው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና)?

መልስ፦ አብዛኞቹ ትልልቅ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ። የምታመለክትበትን ትምህርት ቤት ገጽ አንብብ።

ከአያት 49፦ ጂአርኢ ኳንቱ ላይ ካልኩሌተር ይፈቅዳል፣ እሱ ይቀላል።

መልስ፦ ጂኦሜትሪም አለው፣ ቃላቱም ከባድ ነው። ጂማትም ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ካልኩሌተር ይሰጣል። በካልኩሌተር አትምረጡ፤ የሁለቱንም ነጻ ሙከራ ሰርታችሁ የተሻለ ያመጣችሁበትን ያዙ።

ከሰሚት፦ ክፍያው በዶላር ነው፣ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ባንክህን ስለ ውጭ ክፍያ ካርድ ጠይቅ። አስጠኚው «በእኔ ካርድ ልመዝግብህ» ካለህ እምቢ በል። ምዝገባው ላይ ስምህ ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው በፊደል ካልገጠመ የፈተና ቀን ከበር ትመለሳለህ፤ የአባትና የአያት ስም አቀማመጥ ላይ ስንት ሰው እንደተሳሳተ አይቻለሁ። ራስህ መዝግብ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ አስጠኚ ሳይኖር በራስ ማጥናት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ የስህተት ደብተር ከያዝክ። ተራ ባለ መስመር ደብተር ግዛ። የተሳሳትከውን እያንዳንዱን ጥያቄ ጻፍ፤ ከስሩ «ምን አሰብኩ»፣ «የት ሳትኩ»፣ «ሌላ ጊዜ ምን ሳይ እነቃለሁ» ብለህ ሦስት መስመር። በእሁድ እሁድ የሳምንቱን ከልስ። አንድ ተማሪዬ በሁለት ወር ውስጥ ደብተሩን ሲያገላብጥ ከግማሽ በላይ ስህተቱ አንድ አይነት መሆኑን ራሱ አገኘው፤ ጥያቄው «ቢያንስ» ሲል «ብቻ» ብሎ ያነብ ነበር። ያንን እኔ በአስር ክፍለ ጊዜ ላልነግረው እችል ነበር። ደብተሩ ሞልቶ አንድ አይነት ስህተት እየተመላለሰ ካስቸገረህ ያኔ አስጠኚ ፈልግ፤ ደብተሩን ይዘህ ሂድና ስጠው። ገልጦ የማያነበው ከሆነ ተነስተህ ውጣ።

ከጀሞ፦ እሺ፣ ሙከራውን ሰራሁ። 495። ቨርባሉ ነው የገደለኝ፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ጥያቄዎች አልደረስኩባቸውም።

መልስ፦ ጎበዝ፣ አሁን መነጋገር እንችላለን። ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ቅጣት አለው፤ ሰዓት ሲያልቅ ገምተህም ቢሆን ጨርስ። 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ማለት ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንተ የሚያስፈልግህ የሒሳብ ሰው ሳይሆን አብሮህ ሰዓት ይዞ የሚያነብ ነው። ጥሩ የእንግሊዝኛ መምህር ጎረቤት ካለህ በእሱ ጀምር፣ የጂማት አስጠኚ ከመቅጠርህ በፊት።

እሁድ ማታ፣ ከለገጣፎ፦ መምህር፣ ዛሬ የሙከራ ሰዓቱን ሄድኩ። 700 ያመጣው በድሮው ነው፣ እራሱ ሳልጠይቀው ነገረኝ። የእስክሪብቶና ደብተሩን ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ወዲያው አገኘው። ሁለተኛው ላይ «አይበቃም» አለ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና «ቆይ፣ ደብተር በግማሽ አይገዛም» ብሎ ወረቀቱን ወደኔ ገፋው። «አንቺ ጨርሺው» አለኝ፣ ጨረስኩት። የወር ክፈዪ ግን ብሎኛል።

መልስ፦ ያዢው። የወሩን ግን እንደማትከፍዪ ንገሪው፣ በሳምንት ይቀበልሻል።