ሱጎው ፓስታው ላይ አልይዝ ላለሽ

እህቴ፣ ሱጎው ከፓስታው ላይ እየተንሸራተተ ሳህኑ ስር ይቀራል፣ የትኛውን ልግዛ ብለሻል። እኔም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ከሰፈር ሱቅ ነው የምገዛው። ስንቴ እንደተሸወድኩ!

መጀመሪያ እሽጉን ወደ ብርሃን አዙረሽ እዪው። ፓስታው የሚያብረቀርቅና ልሙጥ ከሆነ ተይው። የሚፈለገው ደብዘዝ ያለ፣ ዱቄት የነካው የሚመስል ነው። ባለሱቁ "ምን ታገላብጫለሽ?" ቢልሽም አትስሚው። ነገሩ የማሽኑ ጉዳይ ነው፦ ሊጡ በነሐስ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ ላዩ ይሻክራል፣ በቴፍሎን ሲወጣ ግን ይለሰልሳል። ሱጎ የሚይዘው ሻካራው ነው። ቀስ ተብሎ በዝቅተኛ ሙቀት የደረቀም መልኩ ፈዘዝ ይላል።

ከዛ ጀርባውን አንብቢ። ከዱረም ስንዴ (ለፓስታ የሚሆነው ጠንካራው የስንዴ ዓይነት) የተሠራ ይሁን። ፕሮቲኑ በ100 ግራም 13 ግራም አካባቢ ከሆነ አሪፍ ነው። ከተራ የስንዴ ዱቄት የተሠራው ቶሎ ይላቁጣል።

ለሥጋ ሱጎ ሸንተረር ያለው መኮረኒ ይሻላል።

ግን ጥሩ ፓስታ ገዝተሽም አቀቃቀሉ ሊያበላሸው ይችላል። ውሃው ላይ ዘይት አትጨምሪ። ከተቀቀለ በኋላም በቀዝቃዛ ውሃ አትጠቢው፤ ሱጎውን ፓስታው ላይ የሚያጣብቀው ስታርች አብሮ ይሄዳል። (እናቴ እስከዛሬ ታጥባለች፣ ማን ደፍሮ ይንገራት!) ሊበስል 2 ደቂቃ ሲቀረው አውጪና ከመቀቀያው ውሃ ግማሽ ጭልፋ ጨምረሽ ሱጎው ውስጥ እያማሰልሽ ጨርሺው።