ኮከብ ሁኑ ስትባሉ

ልጆቼ፣

በየምረቃው «ኮከብ ሁኑ» ትባላላችሁ። እኔም ፊዚክስ ሳስተምር ስንቱን እንደዚያ ብዬ መርቄያለሁ። ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ከገባሁ ወዲህ ግን ምርቃቱ ያሳስበኝ ጀምሯል።

እዚህ መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ያማርራል። እኔ ጋቢዬን ደርቤ እወጣለሁ። ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ በኩል ሦስት ኮከቦች ተሰድረው ይታያሉ። መጽሐፈ ኢዮብ የሚያነሳው የኦሪዮን መቀነት ነው። ከነሱ ወደ ደቡብ ጥቂት ዝቅ ስትሉ ጭጋግ የመሰለች ነጥብ አለች። ኔቡላ ናት፤ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀች የጋዝና የአቧራ ደመና።

ጋዙን የሚያበሩት መሃሉ ላይ ያሉ ገና ጨቅላ የሆኑ ግዙፍ ኮከቦች ናቸው። የዋነኛዋ የገጽ ሙቀት 39,000 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የፀሐያችን 5,800 እንኳ አይሞላም። አልትራቫዮሌት ጨረሯ ከሃይድሮጂን አቶም ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ኤሌክትሮን ወደ አቶም ተመልሶ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ብርሃን ይለቃል። በፎቶ የምታዩት ቀይ ከዚያ የሚመጣ ነው።

በዓይን ግን ግራጫ ናት። የልጅ ልጄ በባይኖኩላር አይታ «ይቺ ናት?» ብላኝ ወደ ቤት ገባች። ፎቶው አልዋሸም፤ ዓይናችን ጨለማ ውስጥ ቀለም መለየት አይሆንለትም። ደግሞ ከስልኳ ላይ ቀና ብላ ወዲያው ነው ያየችው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ጨለማውን መልመድ ያስፈልጋል።

ወደ ምርቃቱ ልመለስ። ያቺ ኮከብ ማብራት ብቻ አይደለም ሥራዋ። በሰከንድ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ የሚምዘገዘግ ነፋሷ ደመናውን ይቦረቡረዋል። ጨረሯ ደግሞ አጠገቧ ያሉ ትናንሽ ኮከቦች ዙሪያ ያለውን ጋዝ ያተንነዋል፤ ፕላኔት ሊሠራ ይችል የነበረውን ማለት ነው። ሃብል ቴሌስኮፕ ይህንን ፎቶ አንስቶታል። ራሷም ብትሆን የምትኖረው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ነው። ፀሐያችን 10 ቢሊዮን ያህል ትኖራለች።

በ28 ዓመቴ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ስብሰባ ላይ ከእኔ በቀር የሚናገር አልነበረም። ሁለት ጎበዝ ልጆች በዓመቱ ለቀቁ። ያኔ ደሞዝ ፍለጋ መስሎኝ ነበር። አሁን ኃላፊ የምትሆኑ ልጆች፣ ስብሰባ ላይ እናንተ መጨረሻ ላይ ተናገሩ።

ሰማዩ ሲጠራ ብቅ በሉ። ባይኖኩላር አለኝ፤ ጋቢ ግን ይዛችሁ ኑ፣ የሱሉልታ ብርድ አይቻልም።