እሑድ ሙሉ ተኝቼ ሰኞ ለምን ይደክመኛል?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የተላኩት ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከአያት ጫፍ፣ ከገላን፣ ከጀሞ። ሥራቸው ይለያያል እንጂ ችግራቸው አንድ ነው፦ ረጅም የሥራ ሰዓት፣ በላዩ ደግሞ ረጅም መንገድ። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ኮዬ ፈጬ፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ 2 ሰዓት እደርሳለሁ፤ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ቤት ስገባ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቅዳሜም እስከ 8 ሰዓት እሠራለሁ። ልጆቼ ከተኙ በኋላ አለቃዬ በቴሌግራም የላከውን ስጨርስ 5 ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ 11 ሰዓት እነሳለሁ። ሌሊት ውኃ ሲመጣም ተነሥቼ እቀዳለሁ። እሑድ እስከ ቀትር ብተኛም ሰኞ እንደዛልኩ ነው። ሥራዬን እወደው ነበር፤ አሁን ኮምፒውተሩን ሳየው ያንገሸግሸኛል። ቁጥር እሳሳታለሁ፣ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። በሽታ ነው ወይስ ስንፍና?

መልስ፦ ስንፍና አይደለም። የሂሳብ ሰው ነዎትና መጀመሪያ ቁጥሩን እንሥራ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምሳውን አንድ ሰዓት ቀንሰን በቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 47 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የቅዳሜው 6 ነው። የማታው ቴሌግራም በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን 7 ሰዓት ተኩል ይጨምራል። ድምሩ 61። መንገዱ በቀን 4፣ በስድስት ቀን 24። ሁሉም አንድ ላይ 85 ሰዓት፣ ማለትም ሳምንቱ ካለው 168 ሰዓት ከግማሽ በላይ ነው። ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ሌሊት ተነሥቶ ውኃ መቅዳቱ ገና አልተቆጠረም። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ እርስዎ የሚተኙት አምስት ሰዓት ተኩል ነው። በአምስት የሥራ ቀን ብቻ ሰባት ሰዓት ተኩል ዕዳ ገቡ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የእርስዎ 61 ከዚህ መስመር በላይ ነው።

የገለጹት ነገር የሥራ ዝለት፣ በተለምዶ በርንአውት የሚባለው ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች መዝገቡ ያሰፈረው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ክስተት ነው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራውን መጥላትና ከሥራው በሐሳብ መራቅ፣ የሥራ ውጤት ማሽቆልቆል። ሦስቱም ደብዳቤዎ ውስጥ አሉ። ነገር ግን ድካምን ሁሉ በሥራ ማሳበብ ያሳስታል። በቅርብዎ ባለ ጤና ጣቢያ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስን የሚያሳየው ልኬት)፣ የደም ስኳርና የደም ግፊት ይለኩ፤ ሐኪሙ ካመነበት የታይሮይድ ምርመራ ይጨመር። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። በጾም ወቅት ደግሞ ብረት የሚገኘው ከምስርና ከጎመን ነው፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳሉ። ቡናውን ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያርቁት።

ሌላም መለያ አለ። የሥራ ዝለት ከሥራው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ከሥራ ሲርቁ ቀለል ይላል። በዕረፍት ቀንም ምንም ነገር ደስ የማይል ከሆነና ይህ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ሞትን መመኘት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ የተቋቋመ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ፤ ሰዓቱ ካልተነካ ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው። ለሁለት ሳምንት በደብተር አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ የገቡበት፣ የወጡበት፣ ቤት የሠሩት ደቂቃ፣ የተኙበት ሰዓት፣ ስህተት የሠሩበት ሰዓት። የመጨረሻውን ዓምድ አይዝለሉት። ስህተቶቹ ቀኑ ሲገባደድና ማታ ላይ ከተከማቹ ለአለቃዎ ከሁሉ የሚያሳምነው እሱ ነው፤ ስህተት ማረም ድርጅቱን ገንዘብ ያስወጣል። «ደክሞኛል» ማለት የትም አያደርስም፣ «ያልደከመው ማን አለ?» ነው መልሱ። ወረቀቱን አስቀምጠው እንዲህ ይበሉ፦ «የሳምንቱ ሥራዬ 61 ሰዓት እየፈጀ ነው። ረቡዕ ላይ የባንክ ማስታረቂያው ይቅደም ወይስ ፔይሮሉ? ሁለቱም አይደርሱም።» ምርጫውን ለእሳቸው ይተዉት።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ሦስተኛ ከጨመሩ ሦስቱም ይቀራሉ። አንደኛው፣ ከግብር ማሳወቂያና ከወር መዝጊያ ቀናት በስተቀር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቴሌግራም እንዳይመልሱ። ሁለተኛው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገብተው አመሻሹ ላይ ቀደም ብለው እንዲወጡ። ሰልፉና መጨናነቁ ሳይጀምር በመውጣት መንገዱ በቀን 40 ደቂቃ ብቻ ቢያጥር በስድስት ቀን 4 ሰዓት ይተርፋል። ግን ሁለተኛው ያለ አንደኛው አይሆንም፤ ማታ እየሠሩ በጊዜ መነሣት እንቅልፉን የባሰ ይቆርጠዋል።

የሌሊቱ ውኃ ቀላል መላ አለው። ሮቶው ወይም በርሜሉ ላይ ፍሎተር፣ ማለትም ሲሞላ ራሱ የሚዘጋውን፣ ቧንቧ ሠራተኛ ይግጠምልዎ። ከዚያ በኋላ ውኃው በፈለገው ሰዓት ይምጣ፣ እርስዎ አይነሡም።

የእሑዱም እንቅልፍ ራሱ የችግሩ አካል ነው። ሁልጊዜ 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው እሑድ እስከ ቀትር ከተኛ የሰውነቱ ሰዓት ይዛባል፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ሰኞም አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ይጀመራል። እሑድ መነሻዎን ከጠዋቱ 1 ሰዓት አያሳልፉ። ከምሳ በኋላ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያሸልቡ፤ ማታ ደግሞ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ይተኙ።

የዓመት ፈቃድዎንም አያስቀሩ። በሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ ሥራ ላይ እያሉ በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። ይሁንና ከፈቃድ ተመልሶ ያንኑ 61 ሰዓት መጀመር ድካሙን በጥቂት ሳምንት ይመልሰዋል። ደብተሩን ከፈቃዱ ያስቀድሙ።

ጥያቄ፦ አያት ጫፍ ባለ የልብስ ፋብሪካ ሰፊ ነኝ። ታርጌት አልሞላም እየተባለ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ 3 ሰዓት እንቆያለን። ሰርቪሱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ መሄድ አልችልም። የሚከፈለኝ እንደ መደበኛው ሰዓት ነው። ጀርባዬ አለቀ፣ ጣቶቼ ሌሊት ይደነዝዛሉ።

መልስ፦ እህታችን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም። የእርስዎ በቀን ሲታይ ሕጋዊ ይመስላል፣ በሳምንት ግን 3 በ6 ሲባዛ 18 ነው፤ ጥሰቱ እዚያ ላይ ነው። በዚያ ላይ ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ በአስቸኳይ ሥራ፣ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ነው። በየሳምንቱ የሚደገምን ታርጌት አስቸኳይ ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ክፍያውን ራስዎ ያስሉት። 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። ደመወዝዎ ለምሳሌ 4,160 ብር ቢሆን የሰዓቱ 20 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ሲባዛ 30 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75 ሲባዛ 35፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2 ሲባዛ 40፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ሲባዛ 50 ብር ይደርሳል። 18 ሰዓት በ30 ብር 540 ነው፤ በ20 ብር ከተከፈለዎ 360። በየሳምንቱ 180 ብር ይቀራል ማለት ነው። ሰዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፦ የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። «ሥራ ስለቅ እጠይቃለሁ» የሚል ሰው የቀደመውን ወር እያጣ ይሄዳል።

ፔይስሊፑን አይጣሉ። የገቡበትንና የወጡበትን በየቀኑ ይጻፉ፤ አብረዋችሁ የሚሰፉትም ይጻፉ፣ የአምስት ሰው ደብተር ሲመሳሰል ማስረጃነቱ ይከብዳል። ብቻዎን አይቅረቡ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ በእሱ በኩል፣ ከሌለ በክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ላሉ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ያመልክቱ። ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ቢደርስም ከሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ስለ ጣቶቹ፦ ሌሊት የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ከሆኑ የእጅ አንጓ ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ሲተኙ አንጓው እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ይረዳል። የአውራ ጣቱ ሥር ሥጋ ሳይቀንስ ሐኪም ይይዎት፤ የሐኪሙን ወረቀትም ያስቀምጡ። ወንበሩን ክርንዎ ከማሽኑ ጠረጴዛ እኩል እስኪሆን ከፍ ያድርጉ፤ እግርዎ ከተንጠለጠለ ከሥሩ ጣውላ ያስገቡ። በየግማሽ ሰዓቱ ለ30 ሰከንድ እጅን ዝቅ አድርጎ ማራገፍ ታርጌት አያስቀርም።

ጥያቄ፦ ገላን በአንድ መጋዘን ጥበቃ ነኝ። 24 ሰዓት ገብቼ 24 አርፋለሁ። ጠዋት ቤት ስገባ ግቢው ይጮኻል፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ይግላል፣ እንቅልፍ የለም። ሌሊቱን በቡናና በጫት ነው የምገፋው።

መልስ፦ ይህ አገባብ በአማካይ በሳምንት 84 ሰዓት ነው። ሕጉ ካስቀመጠው 48 ጋር ያስተያዩት። ከጓደኞችዎ ጋር ሆነው በ8 ሰዓት ሦስት ፈረቃ እንዲደረግ ቢጠይቁ መነሻችሁ ይህ ቁጥር ነው።

ቡናው የጉልበቱ ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሌሊት 10 ሰዓት የጠጡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጥዎ ነው። የመጨረሻው ስኒ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አይለፍ። ጫት የባሰ ነው፤ ሌሊቱን ያነቃል፣ በማግሥቱ እንቅልፉንም የምግብ ፍላጎቱንም ይወስዳል፣ ከዚያ የሚመጣውን ጭፍግግ ስሜት ሌላ ጫት ይጠራዋል። ሰውነት ከሁሉ የሚወድቀው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ነው፤ ዙሩን በዚያ ሰዓት በእግር ያድርጉት። ጓደኛ ከተካዎት 20 ደቂቃ ያሸልቡ፤ ሲነሡ ለሩብ ሰዓት ያህል መፍዘዝ ስላለ በር ላይ ወዲያው አይቁሙ።

ጠዋት ሲወጡ ባርኔጣ ያድርጉ፤ የፀሐይ ብርሃን አእምሮን «ነጋ» ይለዋል። ገንፎ ወይም ዳቦ ቀመስ አድርገው ወዲያው ይተኙ፣ ቆርቆሮው ሳይግል። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ከነጠርዙ ይሸፍኑ፤ ጆሮዎን ይድፈኑ። ኮርኒስ ከሌለ ከአልጋው በላይ የተወጠረ ወፍራም አቡጀዲም ሙቀቱን ያበርዳል። አራት አምስት ሰዓት ከተኙ ይበቃል፣ ቀሪውን ማታ በጊዜ ያግኙት። በዕረፍት ቀንዎ ሌላ ጥበቃ የያዙ እንደሆነ ግን ከላይ ያልነው ሁሉ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የራይድ ሾፌር ነው። ጀሞ ነው የምንኖረው። ለመኪናው ባለቤት የቀን ገቢ ለመሙላት 16 ሰዓት ይነዳል። ባለፈው ሳምንት መታጠፊያ አልፎ ሄደ። ብናገረውም አይሰማኝም።

መልስ፦ መታጠፊያ መሳት፣ ያለፈውን መንገድ አለማስታወስ፣ አንገት ድንገት መውደቅ፣ እነዚህ የድካም ሳይሆኑ የእንቅልፍ ምልክቶች ናቸው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ 3 ሰከንድ ዓይኑ ቢከደን መኪናው 50 ሜትር ያለ ሾፌር ይሄዳል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር የሚረዱት ለደቂቃዎች ነው። የሚሠራው ይህ ነው፦ አስተማማኝ ቦታ ያቁም፣ አንድ ስኒ ቡና በፍጥነት ይጠጣ፣ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ይተኛ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው ሲነቃ ነው።

ምክር ካልሰማ ሂሳብ ይሰማ ይሆናል። ለአንድ ሳምንት የእያንዳንዱን ሰዓት ገቢ ነዳጁን ቀንሶ ይጻፍ፤ እርስዎ ይደምሩለት። የትኞቹ ሰዓታት በባዶ እንደሚያዞሩት ይለያል። ከእነሱ ሁለቱን ትቶ ቢገባ የሚቀርበት ገንዘብ ከሚፈራው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲደክመኝ ክሊኒክ ሄጄ ግሉኮስ አስደርጋለሁ፤ ለሁለት ቀን ያነቃኛል። በየወሩ ማድረግ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ባለ 5 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ በሦስት ማንኪያ ስኳር ከተጠጣ አራት ብርጭቆ ሻይ ብዙም አይለይም። ያነቃዎት ከመርፌው ጋር ያገኙት የሁለት ሰዓት ጋደም ማለት ሳይሆን አይቀርም። የቫይታሚን ቢ12 መርፌም የሚጠቅመው ጉድለቱ ላለበት ሰው ነው። በየወሩ የሚመለስ ድካም የስኳር በሽታም ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጣዩን ከማስደረግዎ በፊት ጠዋት በባዶ ሆድዎ የደም ስኳርዎን ያስለኩ።