መኪና ሲበላሽ እግዚአብሔር «አትሂጂ» ማለቱ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። በሚያዝያ አዲስ አበባ ለሥራ ኢንተርቪው ተጠርቼ ስሄድ መኪናችን ዐባይ በረሃ ላይ ሞቆ ቆመ፣ አንዲት እናት የያዙትን ሃይላንድ ውኃ ለራዲያተሩ ሰጡ ግን ቶሎ አልተነሣም። ጠዋትም ዐይኔ ሲርገበገብ ስለነበር እግዚአብሔር አትሂጂ እያለኝ ነው ብዬ በሌላ መኪና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሥራውን ሌላ ሰው ያዘው፣ ተስፋ ቆርጫለሁ። በዕለት ኑሯችን እግዚአብሔር የሚናገረንን በምን እንለያለን?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ጻፍሽልኝ። ጸልዪ ጹሚ እያልኩ አላሰለችሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ግን ይሄን ነገር ስንት ሰው ጠይቆኛል መሰለሽ፣ አንዱ ቁራ ጮኸ ብሎ ገበያ ይቀራል፣ አንዱ ደግሞ ጠዋት መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው ገዱ አይቀናም ብሎ በሬውን ከመንገድ ይመልስና «እግዚአብሔር አሳየኝ» ይላል። ኧረ ተው! ይሄ እኮ ዘዳግም 18 ላይ ከተከለከለው ሞራ ገላጭ የሚለየው ሞራው ስለሌለ ብቻ ነው።

ጠንከር አልኩ መሰለኝ፣ አንቺን ብቻ አይደለም። እኔም ቅኔ ቤት እያለሁ ቁራሽ ልለምን ወጥቼ የመጀመሪያው ደጅ ላይ ውሻ ካባረረኝ ዛሬ ቀኔ አይደለም ብዬ ጦሜን የማድር ልጅ ነበርኩ። የኔታ ሰምተው «ውሻው የጮኸው ውሻ ስለሆነ ነው፣ ሂድና ቀጣዩ ደጅ ላይ በእንተ ስማ በል» አሉኝ። የናንተም መኪና የቆመው ስለሞቀ ነው፣ ከደጀን ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ መኪና በሚያዝያ ቢሞቅ ምን ይገርማል።

«የአብርሃም ሎሌ ምልክት ጠይቆ የለም ወይ» ትይኝ ይሆናል፣ ሁሉም የሚያመጣብኝ ጥቅስ እሱ ነው። እስቲ ዘፍጥረት 24ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሰውየው ወፍ በቀኝ ትብረር አላለም፣ ውኃ አጠጪኝ ስላት ግመሎችህንም ላጠጣልህ የምትል ልጅ የይስሐቅ ሚስት ትሁን ነው ያለው። ግመሎቹ 10 ናቸው። በደንብ የጠማው ግመል 100 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፣ በ20 ሊትር ጀሪካን ለአንዱ 5፣ ለአሥሩ 50 ጀሪካን መሆኑ ነው! ግማሹን ጠጡ እንበል፣ 25 ጀሪካን ውኃ ርብቃ ወደ ምንጩ እየወረደች በእንስራ እየቀዳች፣ ያውም ለማታውቀው መንገደኛ። ውኃ የቀዳ ሰው ወገብ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ሎሌው የጠየቀው ምልክት ደግነት ነበር፣ እሱንም ጸልዮ ነው የጠየቀው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። አንዲት እናት ውኃቸውን ለራዲያተሩ ሰጡ ብለሽ በግማሽ መስመር አልፈሻቸዋል። በዛ ሙቀት እሳቸው ምን ሊጠጡ ነው? እኔ ሳነበው እዛ ላይ ነው የቆምኩት። ርብቃ እኮ ከነውኃዋ አንድ መኪና ውስጥ አብራሽ ነበረች፣ አንቺ የዐይንሽን መርገብገብ ይዘሽ ተመለስሽ እንጂ። እግዚአብሔር በዚያ መንገድ ላይ የተናገረው ነገር ካለ በእኚህ እናት እጅ ነው የተናገረው፣ ቃሉም አትሂጂ አይመስለኝም።

ደሞ አሁን ተቀጥቼ ነው እንዳትይ። ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታ ራሱ ተናግሯል። አንቺ ሥራው ያመለጠሽ ስለተመለስሽ ነው፣ በቃ። የሚያስጨንቅሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክቺ፣ ከተጠራሽም በዋዜማው ውጪ እንጂ በዕለቱ አትሩጪ፣ ስትሄጂ ሁለት ሃይላንድ ውኃ ያዢ፣ አንዱ ለመኪናው ይሆናል።