ልምድ ሳይኖረኝ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው አዋቂዎች ጋር ልስራ ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ደሴ ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን አዋቂዎች የመደገፍ ስራ አግኝቼ ልምድ ስለሌለኝ ፈራሁ፣ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ ያልሽውን አየሁት። እኔ ኮምቦልቻ እዚህ ስራ ላይ ስድስት አመት ሆኖኛል። አብሽሪ ግቢበት። ግን ከባዱ ማጠብና ማልበስ እንዳይመስልሽ፣ እሱን በወር ትለምጂዋለሽ፣ ከባዱ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት ሰው ዳውን ሲንድሮም (አብሮ የሚወለድ፣ የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) ያለበት የ34 አመት ሰው ነበር፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ማሙሽ ነው የሚሉት፣ እኔም እንደነሱ። ጠዋት ሹራቡን እኔ ነኝ የማለብሰው፣ ቁልፉን እኔ ነኝ የምቆልፈው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ። አንድ ቀን ስልክ ተደውሎልኝ ወጣ ብዬ ስመለስ ከታች ጀምሮ ሶስቱን ቆልፎ አራተኛው ላይ ደርሷል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ በአውራ ጣቱ እየገፋ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይጀምራል። በሩ ላይ ዝም ብዬ ቆምኩ። ስድስቱን ለመጨረስ ሩብ ሰአት ፈጀበት፣ ከዛ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። ያን ሁሉ ወር ስቀማው ነበር ማለት ነው። ከዛ በኋላ ግማሽ ሰአት ቀደም ብዬ መግባት ጀመርኩ፣ ማሙሽ ማለቱንም ትቼ በስሙ ጠራሁት።

ሌላው፣ ብዙዎቹ ህመማቸውን በአፋቸው አይነግሩሽም። አንድ የማይናገር ሰው ነበረን፣ ምግብ እምቢ ብሎ ጉንጩን በቡጢ መምታት ጀመረ፣ የወሰድንበት ክሊኒክ ባህሪው ነው ብሎ የሚያረጋጋ መድሃኒት ሰጠን፣ እኛም አምነን ተመለስን፣ ሶስት ሳምንት ተሰቃየ። በኋላ ትኩስ ቡና ፉት ሲል ጮኸና ባልደረባዬ አፉን በስልክ መብራት ብታየው መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ ድዱ መግል ቋጥሯል። ጥርሱ ተነቅሎ በሶስተኛው ቀን እንጀራውን በላ። እና ባህሪ ድንገት ከተቀየረ መጀመሪያ ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት እዪ። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው ደግሞ ከፈዘዘ፣ እንቅልፍ ካበዛና ክብደት ከጨመረ ታይሮይዱ፣ አንገት ላይ ያለው እጢ፣ ይታይለት በይ፣ እነሱ ላይ ይበዛል።

የሚጥል በሽታም ብዙዎቹ ላይ አለ። ሲጥለው ክብሪት እናሽትተው፣ ማንኪያ አፉ ውስጥ እናስገባ የሚል አይጠፋም፣ አታስነኪ። ሻርፕሽን ጭንቅላቱ ስር አድርጊ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኚው፣ ሰአት ያዢ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ቶሎ ወደ ሆስፒታል። ቤተሰብ ጸበል ይውሰደው ዱአ ያስደርግለት ምንም አይደል፣ ግን መድሃኒቱን በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ በተለይ ፊኖባርቢታል ድንገት ሲቋረጥ የባሰ ይጥላል።

ፒያሳ ወይ ሰኞ ገበያ አብራችሁ ስትወጡ ሻጩ ምን ይፈልጋል ብሎ አንቺን ነው የሚጠይቀው፣ እሱን ጠይቀው በይው። ብሩን ራሱ ይያዝ፣ ራሱ ይክፈል፣ መቁጠር ባይችል የዳቦውን ልክ ለይተሽ ስጪው፣ ዳቦውን ግን ራሱ ይምረጥ። ከኋላ የተሰለፈ ሰው ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ደመወዙ ትንሽ ነው አልዋሽሽም፣ ወገብም ይጎዳል። ከመፈረምሽ በፊት ማታ ተረኛ ስትሆኚ ለብቻሽ ስንት ሰው እንደሚሰጡሽ ጠይቂ፣ እኔ ዘጠኝ ሰው ለብቻዬ ይዤ ባደርኩበት ሌሊት አንዱ ሲጥለው ሌላው በር ከፍቶ ወጥቶብኝ ጎረቤት ባይመልሰው ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር። ያሉሽን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከበዛ በግልጽ እነግርሻለሁ።