ቆዳዬ ከጠራ በኋላ ለምን እዚያው ቦታ ላይ ያገረሽብኛል?

ጥያቄ፦ ክርኔ ላይ ያለው ሶሪያሲስ (ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ በሽታ) በቤታሜታዞን ቅባት ይጠፋል፤ ባቆምኩ በወሩ ግን እዚያው ቦታ ላይ ይወጣል። አሁን ሐኪሜ ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን አዘዙልኝ። «የሰውነት መከላከያን ያዳክማል» ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ክርንዎ ላይ የሚረግፈው ነጭ ቅርፊት ከቆዳ ይምጣ እንጂ ነገሩን የሚቆሰቁሱት የበሽታ መከላከያ ሴሎች ናቸው። ቆዳ ውስጥ ያሉ ጠባቂ ሴሎች ኢንተርሉኪን 23 የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ እሱ ቲ ሴሎች የሚባሉትን ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ እነሱም በተራቸው ኢንተርሉኪን 17 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይረጫሉ። ያኔ በወር ገደማ ይታደስ የነበረው ቆዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል፤ ያልበሰለው እየተደራረበ ይወፍራል። ሶሪያሲስ እንደ ጭርት በንክኪ አይተላለፍም።

ቆዳው ሲጠራ ቲ ሴሎቹ ሁሉ አይሄዱም። ከፊሎቹ እዚያው ክርንዎ ውስጥ አድፍጠው ይቆያሉ፤ ቅባቱ ሲቋረጥ ወይም ቦታው ሲጫር ይነሳሉ። ስለዚህ ቅባቱን በአንዴ አይተዉት። ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው በሳምንት ወደ 2 ቀን ዝቅ ያድርጉት፤ ቫዝሊን ግን በየቀኑ ይቀቡ። ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ የቤታሜታዞን ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ያዳርሳል። ፊትና ብብት ላይ አይቀቡት፤ ቆዳ ያሳሳል።

ሜቶትሬክሴት እነዚህን ሴሎች ያረጋጋል። ለሶሪያሲስ የሚሰጠው መጠን ለካንሰር ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም መከላከያን በመጠኑ መቀነሱ አይቀርም፣ ፍርሃትዎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። አደጋው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአወሳሰድ ስህተት ነው። የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው! በየቀኑ የዋጠ ሰው መቅኒው ደም ማምረት ያቆምና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሰኞን ከመረጡ «ሰኞ ብቻ» ብለው ፓኮው ላይ በትልቁ ይጻፉ። አብሮ የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ (ቫይታሚን) በሌላ ቀን ይውሰዱ። የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ከመጀመርዎ በፊትም ከዚያም በየጊዜው ያስፈልጋል። አረቄ ይቅር። ጽንስ ስለሚጎዳ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ አስቀድመው ይናገሩ። አፍዎ ከቆሰለ፣ ካተኮሰዎት ወይም ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ መድኃኒቱን አቁመው ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።

ፋርማሲ ሲገቡ ደግሞ ሜቶትሬክሴት እንደሚወስዱ ሳይናገሩ ምንም አይግዙ። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ከእሱ ጋር ሲገናኝ መቅኒን ይመታል። የፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ) ክኒንም ቆዳውን ለጊዜው ያጠራና ሲቆም በሽታውን መግል በቋጠረ መልክ መላ ሰውነት ላይ ሊያወጣው ይችላል።