ኤሌክትሮዱ ለምን ይጣበቅብኛል? ስለ ብየዳ ጠይቁኝ

ብየዳ መተዳደሪያዬ አይደለም። በትርፍ ሰዓቴ ጀምሬው ይኸው ዓመታት አለፉ። ጀማሪ ሆናችሁ የጠየቃችሁኝን እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይለኛል። ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ሁላችንም በዚህ አልፈናል። ብዙ ጊዜ ወይ አምፔሩ (የኤሌክትሪኩ መጠን) አንሷል፣ ወይ ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ እጅህ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ለ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ70 እስከ 90 አምፔር ሞክር። ክብሪት እንደምትጭር ጫር አድርገውና ወዲያው ትንሽ ከፍ በል። ትንሽ ስል የኤሌክትሮዱን ሽቦ ውፍረት ያህል ማለቴ ነው። ከዚያ ከራቀ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ብየዳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ከተጣበቀ ጠምዘዝ አድርገህ ንቀለው። እምቢ ካለ ማሽኑን አጥፋ፤ ማስክህን ግን አታውልቅ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ኤሌክትሮዱ እየነደደ ያጥራል። ስለዚህ እጅህ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መውረድ አለበት። ይህ እስኪገባኝ ስንት ፓኬት እንደፈጀሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥያቄ፦ 7018 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ጠንካራ ነው ሲሉ ሰማሁ። በእሱ ልጀምር?

መልስ፦ 6013 በሚባለው ዓይነት ጀምር። ቶሎ ይለኮሳል፣ የጀማሪ ስህተትንም ይታገሳል። 7018 ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው። እርጥበት ከጠጣ ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ይገባና በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላል። ካልደረቀ አትጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ማስክ ሳላደርግ የብየዳውን ብርሃን ለአፍታ አየሁት። ምንም አልሆንኩም እኮ!

መልስ፦ እህቴ፣ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት። ዓይንሽ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስልሻል። ከተሰማሽ ሐኪም ይይሽ። የማስክሽ መስታወት ቁጥሩ 10 ወይም 11 ይሁን። የፀሐይ መነጽር አይሠራም። አጠገብሽ ቆሞ የሚያይ ልጅ ካለም አርቂው።

ጥያቄ፦ ዚንክ የተቀባ ቱቦ መበየድ ይቻላል?

መልስ፦ ለጀማሪ አልመክርም። ጭሱ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ግድ ከሆነ ቅቡን በግራይንደር አንሳና ነፋሻ ቦታ ሥራ። ከዚህ የባሰ አለ፦ ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሲበየድ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በርሜልማ፣ ምን እንደነበረበት ካላወቅህ ጭራሽ አትንካው።

ጥያቄ፦ ብየዳዬ ያምራል፤ በመዶሻ ስመታው ግን ተላቀቀ።

መልስ፦ ላዩ ላይ ተጋደመ እንጂ አልገባም ማለት ነው። ምናልባት አምፔሩ አንሷል፣ ወይ ፈጥነሃል፣ ወይም ዝገቱንና ቀለሙን አላነሳህም። በላዩ ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት ሳታራግፍ ደግመህ ከበየድክም ያው ነው። እኔ ቁርጥራጭ ብረቶችን በቲ ቅርጽ በአንድ ጎን ብቻ እበይድና ሆን ብዬ እሰብራቸዋለሁ። ስብራቱ ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ወይም ያልቀለጠ የብረት ጠርዝ ካየሁ አምፔሩን 5 ጨምሬ እደግማለሁ።